በለቅሶ ኮት ኪስ የከረመ የሰርግ ጥሪ

እኛ የደባርቅ ሰዎች ቀጠሮ አናከብርም እየተባልን እንታማለን። ሐሜቱ ግማሹ እውነት ነው። ለሦስት ሰዓት የተጠራ ስብሰባ አምስት ሰዓት ላይ እንደርሳለን፤ ክርስትና ቤት ሕፃኑ ተጠምቆ፣ ተስሞ፣ አልቅሶ፣ ደክሞት ከተኛ በኋላ እንገባለን፤ የሰርግ ምሳ ደግሞ እራት አድርገን እንበላለን። ግማሹ ግን ውሸት ነው። ለቅሶ ላይ የሚቀድመን ሰው እስከ ዛሬ አልተወለደም። ገናዦቹ ውሃ ሳያሞቁ ደጁ ላይ ተኮልኩለን እንገኛለን። ሟቹ ቀና ብሎ ቢያየን «እንዲህ ትወዱኝ ኖሯል?» ብሎ መደንገጡ አይቀርም፤ ደግነቱ ቀና አይልም።

ሌላውን ትቼ ራሴን ልማ። ዳባት የምትኖር ታናሽ እህት አለችኝ። ዳባት ማለት ከደባርቅ ሚኒባስ ተሳፍረው የጀመሩት ጨዋታ ሳያልቅ የሚደረስበት ከተማ ነው። አማቷ ሲያርፉ ሄድኩ። ከዚያ ባሏ እግሩ ተሰብሮ ነበርና ልጠይቀው አሰብኩ፤ አስቤ ሳልጨርስ እግሩ ዳነ። ቀጥዬ የሄድኩት ለአማቷ ተዝካር ነው። የዚያን ቀን እህቴ ጠላ እየቀዳችልኝ፣ «ወንድምዓለም፣ አንተን ለማየት የግድ ሰው መቅበር አለብኝ?» አለችኝ። ተሳሳቅን። እኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ክፉ ሰው ሆኜ እንዳይመስላችሁ። የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ ለክፋት የሚተርፍ ጊዜ የለኝም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሕያው ሰው ይጠብቃል። ዛሬ ባትሄዱበት ነገ አለ፣ ነገ ባይመች ፋሲካ አለ፣ ፋሲካ ቢያልፍ መስቀል ይመጣል። ሙት ግን ቀጠሮ አያራዝምም። ደግሞም ሕያው ሰው ብትቀሩበት የሚቀየማችሁ እሱ ብቻ ነው፤ ለቅሶ ብትቀሩ አገር ይቀየማችኋል። ስለዚህ በየቤታችን ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ የተሰቀለ አንድ ጥቁር ኮት አይጠፋም። የእኔን ኮት ያሰፋሁት ለራሴ ሰርግ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰርግ አይቶ አያውቅም፤ ለቅሶ ሲሆን ይወርዳል፣ ከለቅሶ መልስ ይሰቀላል።

አሁን ወደ ጥጋቡ ልምጣ። ጥጋቡ የጃናሞራ ገበሬ ነው፤ ቤቱ ከመካነ ብርሃን በእግር ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። እኔ ደግሞ ከዛሪማ በኩል የመጣሁ የቆላ ልጅ ነኝ። ያገናኘን የደባርቅ ትምህርት ቤት ነው። የገጠር ተማሪ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይቶ፣ ስንቁን ከአገሩ በጀርባው እያመላለሰ ነበር የሚማረው፤ አሁንም ብዙው እንደዚያው ነው። እኔና ጥጋቡ አንዲት ክፍል ተከራየን። እኔ የማሽላ እንጀራ ድርቆሽ አመጣለሁ፣ እሱ በሶና ዳቦ ቆሎ ያመጣል። ጋቢው የሱ ነበር፤ ብርዱ የጋራ።

አንድ ክረምት ዝናቡ መንገዱን ቆረጠውና ከአገር ስንቅ የሚያመጣልን ሰው ጠፋ። ዛሬ ነገ ስንል ቤት ውስጥ የቀረው አንድ እፍኝ ድርቆሽ ብቻ ሆነ፣ ያውም የእኔ። ጥጋቡ እንጨት ለቀማ ውሎ ሲመጣ ድርቆሹን ሰጠሁትና «አንተ ብላ፣ እኔ አልራበኝም» አልኩት። በላ። እንባው እየወረደ ነበር የበላው። ያቺን እፍኝ ድርቆሽ ይኸው ሠላሳ ዓመት ሙሉ በደረሰበት ሁሉ ያወራታል። ሰው ፊት ሲያወራት እኔ አንገቴን እደፋለሁ፤ ሰዉም «ትሕትናው!» ይለኛል። አንገቴን የምደፋበትን ምክንያት ቆይቼ እነግራችኋለሁ። አሁን ብነግራችሁ ትታዘቡኛላችሁ፣ ወጉም ገና ብዙ ይቀረዋል።

ጥጋቡ አባቱ ሲሞቱ ትምህርቱን ትቶ ወደ እርሻው ተመለሰ። እኔ መምህር ሆኜ ደባርቅ ቀረሁ። በየዓመቱ ለገና አንድ ጆንያ ገብስ ይልክልኛል። እኔም በየዓመቱ «ለፋሲካ እመጣለሁ» የሚል ቃል እልክለታለሁ። ገብሱ አንድም ዓመት ቀርቶ አያውቅም። እንዲህ ስንባባል ሰባት ፋሲካ አለፈ።

ባለፈው ዓመት ጥር፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ገበያ መሐል ውበቱን አገኘሁት። ውበቱ የጥጋቡ አገር ሰው ነው፤ ማር ይዞ ደባርቅ ይወጣል። ሰላምታው ካለቀ በኋላ፣

«ጥጋቡስ እንዴት ነው?» አልኩት።

ውበቱ መሬት መሬቱን አየ። «ጥጋቡ…» አለና ዝም አለ።

«ምነው? ምን ሆነ?»

«እኔስ በሩቁ ነው ያየሁት መምህር። ትናንት ሳልፍ ድንኳን ተጥሎ ነበር። ሰዉ ግጥም ብሏል።» በበትሩ መሬቱን ጫር ጫር አደረገ። «ያንተን አለመኖር ሰዉ ሁሉ እያነሳ… በል ተወው። እኔ ልነግርህ አይገባኝም።»

ይህን ብሎኝ ማሩን ተሸክሞ ሄደ። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

በእኛ አገር «እገሌ ሞተ» ብሎ የሚናገር ሰው እንደሌለ ታውቃላችሁ። አባቴ ያረፉ ጊዜ የተነገረኝ «ትንሽ አመም አድርጓቸዋልና ቅዳሜ ብቅ ብትል» ተብሎ ነው፤ ብቅ ስል ደጁ በሰው ተሞልቶ አንዱ ከኋላዬ፣ አንዱ ከጎኔ ደግፈው ያዙኝ። ከዚያ ወዲህ መርዶን የማውቀው ከቃሉ ሳይሆን ከዓይኑ ነው። ዓይኑን የሰበረ፣ ንግግሩን የቆረጠ፣ «እኔ ልነግርህ አይገባኝም» ያለ ሰው ሌላ ምን ይዞ ሊመጣ ይችላል? ድንኳኑም አለ። «ወሩ እኮ ጥር ነው፣ በጥር ድንኳን ያየ ሰው ሰርግ ነው የሚያስበው» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። እናንተ ግን የውበቱን ዓይን አላያችሁም። ለጥጋቡ ስልክ ደወልኩ፤ የቴሌዋ ሴትዮ አገልግሎት መስጠት አይችልም አለችኝ። እዚያ አገር ኔትወርክ የሚገኘው አንድ ጉብታ ላይ ሲወጡ እንደሆነ ባውቅም፣ የዚያን ቀን ይህም ማስረጃ ሆነ።

ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ። የፈተና ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ተከምሯል። በሰባት ዓመት ውስጥ ጥጋቡን ልጠይቅ ብዬ አንድ ቀን ፈቃድ ጠይቄ አላውቅም፤ ሥራ ይበዛል፣ ርዕሰ መምህሩ አይፈቅድም፣ እያልኩ። የዚያን ቀን «ለቅሶ» ከማለቴ ርዕሰ መምህሩ «ሂድ እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ!» አለኝ፤ ሦስት ቀን ሰጠኝ፣ ፈተናውንም ራሱ ሊያርምልኝ ወሰደ። ሰባት ዓመት ይከለክለኛል ብዬ የፈራሁት ሰው ይህ ነው።

በማግስቱ ተነሣን። ባለቤቴ ዘነቡ፣ እኔንም ጥጋቡንም ከተማሪነታችን ጀምሮ የሚያውቁን የነፍስ አባታችን መምሬ ሞላ፣ አራት የዕድር ሰዎች፣ እና ጥቁሩ ኮት ከነባለቤቱ። ወደ መካነ ብርሃን የሚሄድ አይሱዙ ላይ ጆንያ ተደግፈን ተቀመጥን። መኪናው ዳገቱን ሲያቃስት እኔም አብሬው አቃሰትኩ። ሰባቱን ፋሲካዎች አንድ በአንድ እያነሣሁ ለየትኛው ምን ምክንያት እንደሰጠሁ ለማስታወስ ሞከርኩ። አንዱን ዓመት ዶሮ ታሞብን ነበር። በእውነት ልነግራችሁ እንደዚያ ቀን ራሴን ጠልቼ አላውቅም።

ፓርኩ ውስጥ፣ ጨነቅ የሚባል ቦታ ላይ መኪናው ውሃ ሊጨምር ቆመ። ዋልያ ፍለጋ የመጡ ፈረንጆች ነበሩ። አንደኛዋ ነጭ ለባሾቻችንንና መምሬን ስታይ ካሜራዋን አነሣች፤ አስጎብኚው ጆሮዋ ላይ የሆነ ነገር ነገራት። ካሜራዋን አወረደችና መጥታ እጄን ይዛ ዓይኗን እንባ ሞላው። የፓርኩ ጠባቂ ስካውትም ጠመንጃውን ዘቅዝቆ ባርኔጣውን አወለቀልን። ላልሞተ ሰው በሁለት ቋንቋ ተላቀስን።

መካነ ብርሃን ስንወርድ ያየን ሁሉ «እግዜር ያጥናችሁ» እያለ መንገድ ለቀቀልን። ማን እንደሞተ የጠየቀን የለም። ለቅሶ የሚሄድን ሰው አስቁሞ «ማን ሞተባችሁ?» ማለት ነውር ነው። አንድ ባለጌ ቢገኝና ቢጠይቀን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር፤ ግን ጨዋ አገር ነው።

ከሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በኋላ የጥጋቡ ቤት ከማዶ ታየ። ድንኳኑ ተጥሏል። ሰዉ ደጅ ደጁን ያያል። ዘነቡ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። ወጉ እንደሚያዘው ከሩቅ የመጣ ለቀስተኛ ቤቱ ሲታየው ነው የሚጀምረው፤ እሷም «ወንድሜን!» ብላ ለቀቀችው፤ የዕድሩ ሰዎች ተቀበሏት። እኔ ግን ከእነሱ ጋር አልነበርኩም። የቆላ ሳንባ የጃናሞራን ዳገት አይችልምና ከኋላ ቀርቼ፣ ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ሥር ተቀምጬ ትንፋሼን እየሰበሰብኩ ነበር።

አሁን የቤቱን ወገን ልንገራችሁ። ጥጋቡ ሴት ልጁን ለባል ድሮ ነበር። ውበቱ ያየው የሰርጉን ድንኳን ነው። እኛ የደረስንበት ቀን ደግሞ የመልሱ ቀን ነው፤ ሙሽሮቹ ገና አልመጡም፣ ሰዉ «አሁን ይመጣሉ» እያለ ዳገቱን ያያል። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ እየተባባሉ ሴቶቹ ይሯሯጣሉ። ዘፈን ከሚጠበቅበት ዳገት ዋይታ ወረደ።

ጥጋቡ ከድንኳኑ ወጥቶ ቀና ሲል መምሬ ሞላን ከፊት አያቸው። ከኋላቸው ዘነቡን አያት፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየደቃች። ባሏን ቢፈልግ የለም። እንግዲህ በእሱ ቦታ ሆናችሁ ፍረዱ። አዲሱን ኩታውን መሬት ላይ ጥሎ ሽቅብ መሮጥ ጀመረ።

«ወንድሜን! ወየው ወንድሜን!»

ዘነቡ ሟቹ እየሮጠ ሲመጣ ስታይ ዋይታዋን አቋረጠች። ወዲያው ግን የሞተችው ሚስቱ ብርቱካን ናት ማለት ነው ብላ አሰበችና «እህቴን! ብርቱካኔን!» ብላ ቀጠለች። ይኼኔ ብርቱካን ራሷ «የዘነቡዬን ባል!» እያለች ከጓዳ ወጣች። ባለቤቴ የምታለቅስለት ሰው አለቀባት።

እኔ ከድንጋዩ ሥር ሆኜ ጥጋቡን በእግሩ ሲሮጥ አየሁት። ስለ ደስታ ብዙ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ክፍል ውስጥ ተማሪዎች ጠይቀውኝ የሆነ ነገር መልሼላቸውም አውቃለሁ። ደስታ የዚያን ቀን ያየሁት ነው፤ ሃምሳ ዓመት የሞላው ገበሬ ባዶ ራሱን ዳገት ሲሮጥ። ከዚያ በላይ አላውቅም።

ወዲያው ተነሥቼ ያቀፍኩት ይመስላችሁ ይሆናል። እውነቱን ልንገራችሁ፤ አልተነሣሁም። ስለ እኔ እየተናገረ ነበራ! ሰው የራሱን ለቅሶ የሚሰማው ስንት ጊዜ ነው? «አንዴ ብቻ ልስማ» አልኩ።

«ድርቆሹን ለኔ ሰጥቶ ጦሙን ያደረ ወንድሜን!» አለ ጥጋቡ። «እኔ ክፉው! ሰርጌን ቀረ ብዬ፣ ከእንግዲህ ስሙን እንዳትጠሩብኝ ያልሁ እኔ! ሞት ይዞት እንደሆን በምን አውቄ! አፌ ይቆረጥ! አንድ እፍኝ ነበረችው፣ እሷንም ለኔ ሰጠኝ!»

እንግዲህ ቃሌን ልጠብቅ። ድርቆሹን የሰጠሁት ዕለት አከራያችን ቤት ክርስትና ነበር። ሴትዮዋ «ከጓደኛህ ጋር ብሉ» ብለው በትልቅ ሳህን እንጀራ በዶሮ ወጥ ሰጡኝ። ጥጋቡን ጠበቅሁት። ሲቆይብኝ የራሴን ድርሻ በላሁ። ትንሽ ጠብቄ ከሱ ድርሻ በጣቴ ቀመስኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውስም፤ ሳህኑን አጥቤ ስመልስ ግን አስታውሳለሁ። እሱ ከእንጨት ለቀማ ሲመጣ ሆዴ ከመወጠሩ የተነሳ ድርቆሽ ማየት አልችልም ነበር። «አልራበኝም» ያልኩት እውነቴን ነው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ስለዚያ ቀን የተነገረ ብቸኛው እውነት እሱ ነው።

ከድንጋዩ ሥር ብድግ አልኩ። አንዲት ሴት «በስመ አብ!» ብላ ተቀመጠች። ጥጋቡ ባለበት ቆመ። ቀስ ብሎ መጣና ፊቴን በሻካራ መዳፉ ዳሰሰኝ።

«አለህ?» አለኝ።

«አለሁ። አንተስ?»

«አለሁ።»

«ታዲያ የሞተው ማን ነው?» አሉ መምሬ ሞላ፣ መስቀላቸውን እንደያዙ።

መተቃቀፉና መሳሳቁ ብዙ አልቆየም። ብርቱካን እንባዋን ጠርጋ ስታበቃ ነገሩ ገባት፣ ሲገባትም ተቆጣች። «ልጄ በመልሷ ቀን ዋይታ! ሰርጉን ቀርታችሁ ሟርታችሁን ይዛችሁ መጣችሁ?» አለች። ሰዉም ከእሷ ጋር ነበር። ጥጋቡ እንደ ልጅነታችን አንገቴን አቅፎ ወደ ጎን ወሰደኝ።

«ጥሪ ልኬልህ ነበር» አለኝ ቀስ ብሎ። «በራሴ እጅ ጽፌ። ከገብሱ ጋር።»

«በመድኃኔዓለም! ምንም አልደረሰኝም!» አልኩ። ከልቤ ነበር የማልሁት። ስምል ጊዜ እንባዬ መጣና መሐረቤን ፍለጋ እጄን በኮቴ የውስጥ ኪስ ከተትኩ። መሐረቡ ሲወጣ አንድ ፖስታ ይዞ ወጣ። መሬት ላይ ወደቀ። ጥጋቡ ጎንበስ ብሎ አነሣው። «ለወንድሜ ለመምህር» ይላል። አልተከፈተም።

ያኔ ሁሉም ነገር ትዝ አለኝ። ታኅሣሥ ላይ አንድ የሰፈራችን ሰው አርፎ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሳለ፣ ገብሱን ያመጣው ሰው እኔን ፍለጋ እዚያ ድረስ መጥቶ «ከጥጋቡ ነው» ብሎ ፖስታውን ሰጠኝ፤ መኪና እንዳያመልጠው ሮጠ። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ወረቀት መክፈት ነውር ነውና ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ቤት ስገባ ኮቱ ሚስማሩ ላይ ወጣ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሁለቱ አንድ ኮት ውስጥ ሲገናኙ ደግሞ ምን እንደሚሆን አየነው። በመካከሉ አንድ ሰው ቢሞት ኖሮ ኮቱን እለብስ ነበር፣ ጥሪውን አገኝ ነበር፣ ሰርጉን እደርስ ነበር። ማንም አልሞተም። ደባርቅ በዚያ ወር ጤና ሆና ሰነበተች።

ውበቱም መሬት መሬቱን ያየው ለዚህ ኖሯል። የወዳጄን ሰርግ መቅረቴን አይቶ፣ በእኔ ቦታ እሱ አፍሮልኝ ነው።

ጥጋቡ ፖስታውን አገላብጦ አየው። አልተሳደበም። ቢሳደብ በወደድኩ። «ስንት ቀን ቁጭ ብዬ ጻፍሁት» ብቻ አለ። ከዚያ ፊቱን አዞረ። ሠላሳ ዓመት የኖረ ነገር ዓይኔ እያየ ሊበጠስ መሆኑን አወቅሁ።

የታደጉን መምሬ ሞላ ናቸው። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጫማቸው ውስጥ የገባ ጠጠር ሲያራግፉ ቆይተው፣

«ብርቱካን» አሉ፣ «ይህን ድንኳን ከየት አመጣችሁት?»

«ከመካነ ብርሃን ዕድር ነው አባ።»

«ባለፈው ወር ማን ቤት ነበር?»

«ለቅሶ ቤት።»

«እንግዲህ ሸራው አንድ ነው። እሱ ካልተቀየመ እናንተ ምን ቆርጧችሁ ትቀየማላችሁ? ሁለት ሰዎች በቁማቸው ተለቃቅሰዋል፤ አገር ሙሉ ሞቶ የማያገኘውን ነው ያገኙት። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም። ያለቀሰ ሁሉ ገብቶ ይብላ፣ ከዚያ ይጨፍር። በተለይ ባለ ኮቱ።»

ጨፈርኩ። ኮቱ ከሰርጌ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻው ተነቃነቀ፤ ብብቱ ላይ ተተረተረ። ሙሽሮቹ ሲደርሱ ሙሽራው «እኒያ ሰውዬ ምነው ጥቁር ለበሱ?» ብሎ ሲጠይቅ ብርቱካን «የከተማ ሰው ናቸው» ስትለው ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ይቅር እንዳለችኝ ገባኝ።

ጥጋቡ ግን ያን ቀን ሁሉ ብዙ አልተናገረም። በማግስቱ እስከ ድንጋዩ ድረስ ሸኘኝና ቆመ።

«ለቅሶዬን ደርሰሃል» አለኝ። «እኔም ያንተን አልቅሻለሁ። ብድር የለብንም። ከእንግዲህ አንዳችን ብንሞት ሌላው መምጣት የለበትም። በቁም ግን ና።»

«ለፋሲካ እመጣለሁ።»

«በመድኃኔዓለም?»

«በመድኃኔዓለም» አልኩ።

ፋሲካ መጣ። እንግዶች ነበሩብን። ደግሞ ዝናብ ቢጤ ጣለ። ዝርዝሩን ተዉት፤ አልሄድኩም። ይህን ሁሉ አይቶ የማይማር ሰው አለ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አለ እላችኋለሁ፤ ሌሎችን ለማስተማርም ደመወዝ ይከፈለዋል።

ግንቦት ላይ ውበቱ በገበያ ቀን መጣ። ደህና ሰላም ካለኝ በኋላ መሬት መሬቱን አየ። «ጥጋቡ…» አለና ዝም አለ። ኮቱን እንዴት እንደለበስኩ፣ መኪናው ላይ እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ዳገቱን ጨርሼ ቤቱን ሳይ ድንኳን የለም። ጥጋቡ ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ ሞፈር ይጠርባል። ቀና ብሎ አየኝና፣

«መጣህ? ምሳ ደርሷል፤ ግባ» አለኝ።

ውሸት እንዳትሉት። ውበቱን «አትዋሽ፣ ሞተም አትበል፤ መሬት መሬቱን እያየህ ስሜን ጥራና ዝም በል» ብሎት ነው። እውነትም ከዚያ ያለፈ ቃል አልወጣውም። ከዚያ ወዲህ ጥጋቡ እኔን ማየት ሲያሰኘው ውበቱን ይልካል፤ እኔም በእያንዳንዱ ጊዜ እያወቅሁ እሄዳለሁ፤ ምናልባት እውነት ቢሆንስ? ዘነቡ «ዘንድሮ የጥጋቡ ነገር ዘገየ» እያለች ስንቅ አስቀድማ ታሰናዳለች። ነገሩ ዳባት ድረስ ተሰምቶ እህቴ ባለፈው በሰው «ባሌ…» ብላ ላከችብኝ። ሄድኩ፤ በግ አርደው ጠበቁኝ።

በሄድኩ ቁጥር ስለ ድርቆሹ ልነግረው አስባለሁ። መንገዱን ሙሉ ቃሉን አደራጃለሁ። ስደርስ ግን እሱ ለጎረቤት ሁሉ ያቺን እፍኝ ያወራል፣ እኔ አንገቴን እደፋለሁ፣ ቀኑ ያልፋል። ለሚቀጥለው እላለሁ። ሕያው ሰው ይጠብቃል።

ዛሬ ጠዋት ውበቱ መጣ። ዛሬ ገበያ አይደለም፤ ማርም አልያዘም። መሬት መሬቱን አየ።

«ጥጋቡ…» አለ።

«ምሳው ምንድን ነው ደግሞ?» ብዬ ሳቅሁ። ውበቱ አልሳቀም። ድሮም ስቆ አያውቅም፤ የተነገረው እንደዚያ ነው። ላውጣጣው ሞከርኩ፣ «እኔ ልነግርህ አይገባኝም» ብሎኝ ሄደ።

መኪናው ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ይነሣል። ኮቱን ከሚስማሩ አውርጄ ብብቱን አሰፍቼዋለሁ። በአንዱ ኪስ መሐረብ አድርጌያለሁ፤ በሌላው፣ ያ ፖስታ በከረመበት፣ አንድ እፍኝ ድርቆሽ። ጥጋቡ ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ ካገኘሁት እጁ ላይ አስቀምጬለት የዚያን ቀን ምን እንደበላሁ እነግረዋለሁ። ካላገኘሁት ግን እንደ ልማዴ የሱንም ድርሻ እኔው እበላዋለሁ።